«እርጅና ነው» እያልን ያሳለፍናቸው ሦስት ዓመታት

እማዬ ሀዋሳ ገበያ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ቅቤና ቅመማ ቅመም ሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሒሳብ ላይ ግን የሚቀድማት አልነበረም። ሦስት ኪሎ ተኩል ቅቤ ስንት ይመጣል ስትባል፣ ደንበኛው ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ መልሱን ትነግረዋለች። በአማርኛም በሲዳምኛም ትከራከራለች፣ ትጫወታለች፣ የደንበኞቿን ልጆች በስም ታውቃለች። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የመርሳት በሽታን ጅማሬ ለማየት ሰውዬው ድሮ ምን እንደነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መልስ መሳሳት ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለእማዬ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ዛሬ 71 ዓመቷ ነው። የበሽታዋ ስም ከታወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ዓመታት «እርጅና ነው» እያልን፣ አንዳንዴም እየተቆጣናት አሳለፍናቸው። በመሀሉ አንዲት ምስኪን ልጅ በድለናል። እሱንም እጽፈዋለሁ። ሌላ ቤት እንዳይደገም ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የታየው ገንዘብ ላይ ነው። መስከረም 2013 የብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ብሩ ሲወጣ ገበያው ሁሉ ተደናግሮ ነበር። እማዬም ለባለ 200 የባለ 100 መልስ መስጠት ጀመረች። ማን ያልተሳሳተ አለ? ነገር ግን ወራት አለፉ፣ ሰው ሁሉ አዲሱን ብር ለመደ፣ እሷ አልለመደችም። ብሩን ታገላብጠውና እፍኟን ለደንበኛው ዘርግታ «አንቺው ቁጠሪው ልጄ» ትላለች። እኔ ሳይ ሰው ማመኗ ነው አልኩ። አጠገቧ የምትሸጠው ጓደኛዋ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታኝ «እናትሽ ሒሳቡ እየጠፋት ነው፤ አንድ ነገር አድርጊ» አለችኝ። ቅር አለኝ። ገበያ ውስጥ ምቀኝነት አይጠፋም ብዬ ተውኩት።

ያቺ ሴት ምቀኛ አልነበረችም። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ከእኔ በፊት አየቻት። እባካችሁ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰብሳቢ ወይም የቤተክርስቲያን ወዳጅ ስለ እናት አባታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግራችሁ አትቀየሙ። እሱ ለመናገር ስንት ቀን እንዳሰበበት አስቡ።

ሁለተኛው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ታኅሣሥ 19 ቀን 2014፣ የገብርኤል ዕለት ነው። ለንግሥ የመጣ ዘመድ ሁሉ እኛ ጋ ያርፋል። እማዬ እንደ ልማዷ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ረከቦቱ ፊት ተቀመጠች። ቡናውን አጠበች። ቆላችው። ምጣዱን ይዛ እየዞረች ጭሱን አሸተተችን። ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ሙቀጫው አጠገቧ እያለ፣ የተቆላውን ፍሬ እንዳለ ወደ ጀበናው አፍ ማስገባት ጀመረች። አንድ በአንድ። ፍሬው አንገቱ ላይ ተቀረቀረ። በጣቷ ገፋችው። አልገባም። ጀበናውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ውስጡን አየችና «ይሄ ጀበና ዛሬ ምን ነካው?» አለች።

እንግዳው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። መዳፏ ላይ የቀረውን ፍሬ እንደያዘች ተራ በተራ ፊታችንን አየች። ፈርታ ነበር። አክስቴ ቶሎ ብላ ተቀብላት ወቀጠች፣ ቡናው ፈላ፣ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

በኋላ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። የመርሳት በሽታ ሲባል ሰው ስም መርሳት ብቻ ይመስለዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ቀድሞ የሚላላው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ለዚያ ደግሞ ከቡና በላይ ምን ፈተና አለ? ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ ማስከን፣ መቅዳት። አንዱ ከሌላው ከቀደመ ቡና የለም። ለዚህ ነው የእናታችሁን እጅ ተመልከቱ የምለው። አባት ከሆነም ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረውን ነገር ተመልከቱ፤ አናጺ ከሆነ ልኬቱን፣ ሾፌር ከሆነ መንገዱን፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ ከሆነ መዝገቡን።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ላይ ሽሮው ውስጥ ቅቤ ጨመረች። ረቡዕና ዓርብን ስታ የማታውቅ ሴት! ስንነግራት «እኔ አልጨመርኩም፤ ልታሳብዱኝ ነው?» ብላ ጮኸች። እጇ ቅቤ ለምዶ ነው ተባባልንና ወጡን ደፋነው። ቀኑ ጠፍቶባት ሊሆን ይችላል ያለ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ፊደል ላልቆጠረች እናት የቀን መቁጠሪያዋ ጾሙና የወሩ በዓላት ናቸው። እነሱ ከተምታቱባት ቀኑ ተምታቶባታል ማለት ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ልሂድ። ሰኔ 2014 እማዬ «የወርቅ ሐብሌ ጠፋ» ብላ ቤቱን አመሰቃቀለችው። ሐብሉን አባታችን ነው የገዛላት። ፍራሹን ገለበጥን፣ ሳጥኑን በረበርን፣ የለም። ማታ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅቷ ናት፤ ሳጥኔን ስትከፍት አይቻታለሁ» አለችኝ። ልጅቷ እኛ ቤት ሁለት ዓመት የሠራች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። እናቴ ዋሽታ አታውቅም። አይቻለሁ ካለች አይታለች ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ለማሰብ ጭንቅላቴም አልሄደም። ልጅቷን ፊት ለፊት አቆምናት። አለቀሰች፣ ማለች። ወንድሜ በስልክ ፖሊስ ጥሩ አለ። ፖሊስ አልጠራንም፤ የወር ደመወዟን ከልክለን አባረርናት። ከበር ስትወጣ ልብሷን በፌስታል ይዛ ነበር። ፌስታሉንም ፈትሸነዋል።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ! «ሰረቁኝ» ማለት ከመርሳት በሽታ የታወቁ ምልክቶች አንዱ ነው። ሰውዬው ዕቃውን ለጥንቃቄ ብሎ ይደብቃል። የደበቀበትን ይረሳል፤ መደበቁንም ይረሳል። ዕቃው ከቦታው ሲታጣ የሚቀረው መልስ አንድ ብቻ ነው፣ ሰው ወስዶታል። ውሸት አይደለም፤ እሷ ከልቧ ታምነዋለች። ክሱ ደግሞ የሚወድቀው ቅርብ ባለው ሰው ላይ ነው፤ ሠራተኛ፣ ምራት፣ የምታስታምም ልጅ። ቤታችሁ ያለ ሽማግሌ በድንገት ሰው ሌባ ማለት ከጀመረ፣ ሰው ከማባረራችሁ በፊት ሽማግሌውን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድሜ እናታችን ደህና ናት ብሎ ያምን ነበር። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ይደውልላታል። «ምን ሆነች ትሉኛላችሁ? አሁን አውርቻት የለ እንዴ?» ይለናል። እውነቱን ነው። በስልክ ስትሰሟት ምንም የላትም። «እንደምን ሰነበትክ ልጄ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ባለቤትህስ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን፣ በርቱ።» የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፣ መልሱም ከልጅነት ጀምሮ አፍ ላይ ያለ ነው። አንድ ሰው ብዙ ነገር ጠፍቶበትም ሰላምታው አይጠፋበትም። እማዬ ዛሬም፣ ስሜ አንዳንዴ በሚጠፋባት ሰዓት እንኳን፣ ሰላምታዋ ሙሉ ነው።

ወንድሜ ለፋሲካ መጥቶ ሦስት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። «አንድ ጥያቄ አምስት ጊዜ ጠየቀችኝ» አለኝ። «ሚስትህ ወለደች ወይ አለችኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።» ከዚያ ወዲህ በስልክ አልተከራከረኝም። ርቃችሁ የምትኖሩ፣ ውጭ አገር ያላችሁም፣ በአሥር ደቂቃ ስልክ አትፍረዱ። አብሯት የሚውለውን ሰው ስሙ። ስትደውሉም ከሰላምታው አልፋችሁ ወሬ አስጀምሯት፤ ትናንት ማን መጣ፣ ምን በላችሁ፣ ለማን ለቅሶ ሄድሽ። እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ጨዋታ። መልሱ ወደ ድሮ ከሸሸ ወይም «እሱን ተወውና አንተ እንዴት ነህ» ከበዛ ልብ በሉ።

አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ስኳርና ደም ግፊት ስላለባት ለክትትል እንሄዳለን። በዚያው ትረሳለች አልኳቸው። «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ» ተባልኩና ቫይታሚን ታዞልን ወጣን። ደስ አለኝ። እንደዚያ እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት። ጥፋቱን ለእነሱ ብቻ አልሰጥም፤ እኔም «ትረሳለች» ብቻ ነው ያልኩት። ጀበናውን አልነገርኳቸውም፣ ብሩን አልነገርኳቸውም፣ ሐብሉንማ ጨርሶ ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ድሮ እንዴት ነበረች ብላችሁ ጻፉ። ሐኪም ፊት ሽማግሌ ይበረታል፤ እማዬማ ለሐኪሙ ስትመርቀው ማን ታማለች ይላታል?

መንደሩ ደግሞ የራሱን ይላል። ጃጅታ ነው ያለ አለ። መተት ነው፣ ሰው ዓይን ገብታ ነው ያለም አለ። ጸበል ወሰድናት። በጸበሉ አልጸጸትም፤ እምነታችን ነው፣ እሷም እዚያ ሰላም ታገኛለች። የምጸጸተው ጸበል እስክትጨርስ ብለን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷን ወደ ሁለት ወር ማቋረጣችን ነው። ማንም አቁሙ አላለንም። የምታምን መስሎን በራሳችን ነው ያደረግነው። በኋላ የንስሐ አባቷ ሲሰሙ አዘኑ። «ጸበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትዋጥ፤ ማን ከለከላችሁ?» አሉን። ደም ግፊት ሳይያዝ ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ ኋላ በምስል አየነው።

ሌላም ጥፋት ጨመርንበት። ማታ ማታ አልተኛ ስትል፣ እኔ ራሴ ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚያስተኛ የአለርጂ ክኒን ገዛሁላት። ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ሰው ቆሟል ብላ ስትጮኽ አደረች። እንደነዚህ ያሉ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች ጭምር፣ ያረጀ አእምሮን ይበልጥ ያደናግራሉ። ለሽማግሌ የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም አትግዙ።

ዓይናችን የተገለጠው ሐምሌ 2015 ነው። እማዬ ገብርኤል ኪዳን ልታደርስ በማለዳ ወጣች። ሃያ ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ ነው። ሀዋሳን የሚያውቅ ያውቃል፤ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ሐይቁም ታቦር ተራራም ይታያችኋል። እዚያ ውስጥ መጥፋት ለእንግዳም ይከብዳል። ረፋዱ ላይ አልመጣችም። እኩለ ቀን ሆነ፣ የለችም። ቤተክርስቲያኑን ዞርን፣ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ሄድን፣ ሐይቁን ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የመናኸሪያ ረዳት ነው። «እማማ እኛ ጋ ናቸው። ይርጋለም ውሰዱኝ፣ አባቴ ይጠብቀኛል ይላሉ» አለኝ።

ይርጋለም ተወልዳ ያደገችበት ነው። አያቴ ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስደርስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እግሮቿን ገጥማ፣ እንደ ልጃገረድ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ረዳቱ ሻይ ገዝቶላታል። ስልኬን ያገኘው ከኪሷ ውስጥ ከነበረ የመድኃኒት ቤት ወረቀት ላይ ነው። አጋጣሚ ነው። ያቺ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አሁንም እደነግጣለሁ። ዛሬ በእያንዳንዱ ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ስልክ ቁጥራችን የተጻፈበት ጨርቅ ተሰፍቷል። የሰፈሩ ባጃጅ ሾፌሮችም ያውቋታል፤ ብቻዋን ካዩዋት «ማዘር፣ ቤት ላድርስዎት» ብለው ያመጡልናል። ይህን ለማድረግ ሰው እስኪጠፋ አትጠብቁ። ነገ አድርጉት።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም በደብተር ጽፈን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከእኛ ጋር ሳይሆን መጀመሪያ ከእሷ ጋር አወራ። «እማማ፣ ጤፍ በዚህ ዋጋ ሁለት ኪሎ ቢሸጡልኝ ከ500 ብር ስንት ይመልሱልኛል?» አላት። የሰዓት ሥዕል ሳዪ፣ ይህን አንብቢ አላላትም። እንዳልተማረች ስለነገርነው ነው፤ ባልተማረ ሰው ላይ የወረቀት ፈተና በሽታ ሳይኖር በሽታ ያለ ሊያስመስል ይችላል። እኛን ልጆቿን ደግሞ ብዙ ጠየቀን። ከ10 ዓመት በፊት ከነበረችው ጋር አወዳድሩልኝ አለን። ገንዘብ አያያዟ፣ መንገድ ማወቋ፣ አዲስ ነገር መልመዷ፣ ጠባይዋ። ደብተራችንን ሙሉውን አነበበው።

ደም ተወሰደ፤ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ኩላሊት፣ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። ድብርት እንዳለባትም ጠየቀ። ለምን ይህ ሁሉ ስለው፣ የመርሳት በሽታ የሚመስሉ፣ ሲታከሙ ግን የሚሻሉ ነገሮች ስላሉ ነው አለኝ። የታይሮይድ ማነስ፣ የቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ የመድኃኒት ጣጣ። የእማዬ ቢ12 በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለስኳሯ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ስትወስድ ኖራለች፤ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት መሆኑ ደግሞ ብዙ ለምትጾም ሴት ሌላ ጫና ነው። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ካላችሁ አታስቁሙት፤ ቢ12 እንዲለካለት ግን ጠይቁ።

የጭንቅላት ሲቲ ስካኑ ደግሞ ትንንሽ የቆዩ ስትሮኮችን አሳየ። እኛ አንዱንም አላየንም። እጇ አልዛለ፣ አፏ አልተጣመመ። ደም ግፊቷ በደንብ ሳይያዝ በቆየባቸው ዓመታት ትንንሽ የደም ሥሮች እየተዘጉ ቆይተዋል። ለዚህ ነው ደህና ቆይታ ቆይታ በአንዴ ደረጃ እንደ መውረድ ዝቅ ትል የነበረው። በሽታው ከደም ሥር የሚመጣው የመርሳት በሽታ ነው ተባልን። አልዛይመር ከሁሉ የበዛው ዓይነት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም፤ ሁለቱ ተደርበው የሚመጡበት ጊዜም አለ።

ለቢ12 መርፌ ተጀመረላት። በጥቂት ወራት የእግሯ ማቃጠል ቀነሰ፣ ንቁ ሆነች፣ ጨዋታዋ ትንሽ ተመለሰ። ቡና ማፍላቱ ግን አልተመለሰም። ሦስት ዓመት ቀድመን ብንመጣ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ሐኪሙ ቁጥር አልነገረኝም። «ግፊቱን ቀድመን እንይዘው ነበር» ብቻ ነው ያለኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ከ14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘና ሊከላከሉት ወይም ሊያዘገዩት የሚቻል ነው ብለዋል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የጆሮ መድከም፣ ብቸኝነት ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። ይህን ሳነብ የራሴን ደም ግፊት ተለካሁ። 46 ዓመቴ ነው፤ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ።

ቤት ውስጥ የተማርነው ትልቁ ነገር አለመከራከር ነው። መጀመሪያ «አባቴ ይጠብቀኛል» ስትል «እማዬ፣ አያቴ ሞቷል እኮ» እላት ነበር። በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ መርዶ ታለቅስ ነበር። አሁን «አባትሽ ምን ይወዳል?» እላታለሁ። ስለ ቆጮው፣ ስለ እንሰቱ ጓሮ፣ ስለ በቅሎው ታወራለች፤ መንገዱ በዚያው ይረሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይብስባታል፤ ስለዚህ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንግዳ አናበዛም፣ መብራት ቶሎ እናበራለን። ከሰልና ጋዝ ብቻዋን አትነካም። ቡናውን የምትለቅመው ግን እሷ ናት። ስፌዱን ጭኗ ላይ አድርገን ጥሬውን ፍሬ እንሰጣታለን። እጇ አይሳሳትም። የተሰበረውን፣ የጠቆረውን ለይታ ትጥላለች። ለቅማ ስትጨርስ እኔ በትኜ ደግሜ የምሰጣት ቀን አለ፤ ደስ ብሏት ትለቅማለች።

ለውጡ ድንገት ከሆነ ግን ቤት አትቀመጡ። አምና በሁለት ቀን ውስጥ እማዬ ማንንም አላውቅ አለች፣ ቀን ተኝታ ሌሊት ትቃዣለች። በሽታው ጠናባት ብለን ልንቀመጥ ነበር። ሐኪሙ ያኔ ያለኝን አስታወስኩ፤ የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው፣ በቀናት የመጣ ነገር ሌላ ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። በመድኃኒት በሳምንት ውስጥ ወደነበረችበት ተመለሰች።

ስለ ንብረትም በአጭሩ። ውክልና መስጠት የሚቻለው ሰው የሚሰጠውን ነገር ሲያውቅ ነው። እኛ ዘገየን፤ የገበያዋን ቦታና የባንክ ደብተሯን ጉዳይ ለማስተካከል ብዙ ተንገላታን። ገና በጅምሩ፣ ከሁሉም ልጆች ጋር ተቀምጣችሁ፣ እሷ ራሷ የምትፈልገውን ጠይቃችሁ ጨርሱ።

ጥቅምት 2016 የገበያ ቦታዋን ልናስረክብ ዕቃዋን አወጣን። አንድ የቆየ የኮረሪማ ጣሳ ነበር። ኮረሪማው ደርቆ ስለነበረ ልደፋው ገለበጥኩት። በመጨረሻ ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ሐብሉ ነው። ቅመም ቅመም ይሸት ነበር። ገበያ መሀል ቁጭ አልኩ።

ልጅቷን ለማግኘት ወር ፈጀብን። ያገናኘን ደላላ ሻሸመኔ አንድ ምግብ ቤት ትሠራለች አለን። ከወንድሜ ጋር ሄድን። ሲያስቡት ከሀዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኔ ግን የዓመት መንገድ ነበር። ስታየን ፊቷ ተለዋወጠ። ልናሳስራት የመጣን መስሏታል። ሐብሉን አውጥቼ አሳየኋት። ይቅርታ ጠየቅናት፣ የያዝነውን ደመወዝና ካሳ ብለን የጨመርነውን ሰጠናት። ብሩን ሳትቆጥር ያዘችው። ደላላውም ጋ ሄደን ሌባ እንዳልነበረች ነገርነው፤ ስሟን ያጠፋነው እኛ ነንና።

ከዚያ ስለ እማዬ ጠየቀችን። ስንነግራት አልገረማትም። «እኔማ አውቅ ነበር» አለች። ሌሊት እየተነሱ ዕቃ ከቦታ ቦታ ያዘዋውሩ ነበር፤ አንድ ቀን ጫማቸውን ሊጥ ዕቃ ውስጥ አገኘሁት፤ ምሳ በልተው ምሳ አልሰጠሽኝም ይሉኝ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱን በሌሊት ፈልገው ሲያጡት እኔ ነበርኩ የምመራቸው፤ አለች። እኛ ዘግይተን ለሐኪም የጻፍነውን ሁሉ እሷ ቀድማ በጣቷ ቆጠረችልን። ለምን አልነገርሽንም አልኳት። «ሠራተኛ እናታችሁ አብደዋል ብትል ማን ይሰማታል?» አለችኝ።

ልንሄድ ስንነሳ አንድ ነገር ጨመረች። «ቀን ሌባ ይሉኛል። ማታ ሲመሽ ግን እጄን ይዘው አትሂጂብኝ ይሉኝ ነበር። ያባረራችሁኝ ዋዜማም እጄን እንደያዙ ነው የተኙት።»

እኔ ያን ሌሊት በዚያው ግቢ፣ በሚቀጥለው ቤት ነበርኩ።